ብዙነሽና ዘጠኙ ተሸናፊዎች

ብዙነሽ ያረፈች ዕለት ቡድናችን ተሸንፎ ነበር። ምልክት ነው ብሎ የሚያወራ ሰው አለ፤ እኔ አልቀበልም። ያ ቡድን የተሸነፈበትን ቀን ሁሉ ምልክት ካልነው ሮተርዳም ላይ ሰው አይተርፍም።

የደወለችልኝ ልጇ ሄለን ናት። ሄለን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ስለሆነች በዕድሜ አባቷ ልሆን የምችለውን ሰውዬ «አንተ» ነው የምትለኝ። ለምጄዋለሁ።

«ወርቁ፣ ቤት ነህ?»

«ቤት ነኝ።»

«እስኪ ተቀመጥ።»

ተቀመጥ ያለ ሰው ምን ሊናገር እንደሆነ ይታወቃል። «ቆሜ እሰማለሁ» አልኳት። ቆሜ ሰማሁ።

ብዙነሽ ዘመዴ አይደለችም። ሻርሎይስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ደረጃ ነው የምንወጣው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አንደኛ። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በአፍ ግን ትበልጠኛለች። አጭር ናት። ግራ እጇን ወገቧ ላይ ካላደረገች አንድ ቃል አይወጣትም። የምትሠራበትን ካንቲን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነበር የምታስረው። ቄሱ አይተው «ምነው ልጄ፣ ከመስቀሉ ጋር?» ቢሏት «አባ፣ ሁለቱም እንዳይጠፉብኝ ነው» አለቻቸው። 

ስለ ሥራው ልንገራችሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤት መቀመጥ አልሆንልኝ ብሎ እኛ ሰፈር አጠገብ ያለ የቤዝቦል ሜዳ ላይ ገባሁ። ደቾቹ ሆንክባል ይሉታል። አፈሩን እደለድላለሁ፣ ነጩን መስመር አሰምራለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ እጎትታለሁ። እዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ ማለት ሁልጊዜ ማለት ነው። የካንቲኑ ሰው ሥራ ሲለቅ ብዙነሽን የጠቆምኳት እኔ ነኝ። የተጫዋቾቹን ልብስ ማጠብም ከካንቲኑ ጋር አብሮ ነበር። በገባች በሳምንቱ የድንች ጥብሱን ወደ ጎን ገፍታ ሳምቡሳ ጀመረች። የክለቡ ሊቀ መንበር ሊከለክላት መጣ። አንድ ቀመሰ፣ ሦስት በላ፣ ሄደ።

ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አላወቀችውም። ልታውቀውም አልፈለገችም። ከካንቲኑ መስኮት ክንዷን ደግፋ እያየች እኔን ትጠይቀኛለች።

«ጋሽ ወርቁ፣ ያ ልጅ ለምን ሮጠ?»

«መትቶ ነዋ።»

«ያኛውስ መትቶ ለምን አልሮጠም?»

«ኳሱ ውጭ ወጥቶ ነው።»

«ቅድም ውጭ ሲወጣ አጨብጭባችሁ የለ?»

«ያኛው በወዲያ በኩል ነው የወጣው።»

«እንግዲህ አንቱም አያውቁትም ማለት ነው» ብላ መስኮቱን ትዘጋለች።

መጀመሪያ ባየችው ጨዋታ ቡድኑ ክፉኛ ተሸነፈ። ሜዳው ዳር ጣሪያ ያላት አግዳሚ ወንበር አለቻቸው፤ ተጫዋቾቹ እዚያ ላይ ፎጣ ራሳቸው ላይ ጥለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተደረደሩ። ብዙነሽ ይሄን በመስኮቷ አየች። ሽርጧን ፈታች፣ ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቀዘቀች፣ መጥታ በተርታ እጃቸውን ጨበጠች። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለች። ከዚያ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና መሬት መሬት ታይ ጀመር።

አሰልጣኙ ፒት የሚባል እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ደች ነው። ወደ እኔ መጥቶ «ሴትየዋ ምን እያለች ነው?» አለኝ።

«ሰው የሞተባችሁ መስሏታል» አልኩት።

ፒት ቀና ብሎ የውጤቱን ሰሌዳ አየ። «ብዙም አልተሳሳተች» አለ።

ለይቼ ጠራኋትና «አንቺ ሴት፣ የሞተ የለም። ተሸንፈው ነው» አልኳት።

«ለመሸነፍ ነው እንዲህ የሚሆኑት?»

«ለመሸነፍ ነው።»

«ታዲያ ይብሉ እንጂ» አለችና ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕግ ሆነ። ተሸንፎ ካንቲን ሳይገባ ወደ ቤቱ የሚሄድ ተጫዋች የለም። በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። «ከለቅሶ ቤት ሳይቀምሱ አይወጣም» ትላቸዋለች፤ ያውም በአማርኛ። በቁመት የሷን እጥፍ የሚሆኑ የኩራሳዎ ልጆች አሉ፣ ደቾች አሉ፣ አንድ የሱሪናም ልጅ አለ፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው ይገባሉ። «ማማ» ነበር የሚሏት። እኔን ደግሞ ኦፓ ይሉኛል፣ አያት ማለታቸው ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ክፉ ዓመት ልምጣ። ቡድኑ ደሞዝተኛ ቡድን ይባላል። ደሞዝ የሚባል ነገር የሚያገኙት ግን ከባሕር ማዶ የመጡ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ የቀረው ቀን ቀን ወደብ ላይ የሚሠራ፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነው። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ አምስተርዳም ሄድን፣ ተሸነፍን። አምስተርዳሞቹ መጡ፣ ተሸነፍን። ዝናብ ጨዋታ ያቋረጠ ቀን ልጆቹ ተቃቅፈው ዘፈኑ። ሽንፈቱ ሲበዛ ደሞዝተኞቹ ሌላ ክለብ ፈልገው ሄዱ። አንዱ ትከሻው ወለቀ፣ የአንዱ ሚስት መንታ ወለደች። በመጨረሻ ልክ ዘጠኝ ሰው ቀረ። ይሄ ጨዋታ ደግሞ ዘጠኝ ሰው ይፈልጋል። ስምንት ሆነህ ከመጣህ ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ወደ ቤትህ ይልሃል።

ዴን ሃግ ከተማ ላይ እንደዚያው ሆነ። አንዱ ልጅ ባቡር ቆሞበት ስምንት ሆነን ሳንጫወት ተመለስን። በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ካንቲን ውስጥ ሰበሰበን። ነገሩን አላንዛዛም፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ከደገምን ከሊጉ እንሰረዛለን፣ የተሰረዘ ቡድን ሜዳ አያስፈልገውም፣ ሜዳው ላይ ቤት ሊሠሩ የሚፈልጉ ሰዎች ደግሞ ከአሁኑ መጥተው ለክተዋል። «መሸነፍ እንችላለን» አለ። «የፈለግነውን ያህል።»

ለብዙነሽ ተረጎምኩላት። ሳሕን እያደረቀች ነበር፤ ጨርቁን አስቀመጠች።

«ማሸነፍ አይጠበቅባቸውም?»

«አይጠበቅባቸውም።»

«መገኘት ብቻ?»

«መገኘት ብቻ።»

«ይሄማ እድር ነው» አለች፣ ፊቷ ሁሉ በርቶ። «ይሄንንማ እኔ አውቀዋለሁ።»

ነገሩ እውነት ነው። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሳለች የሴቶቹ እድር ዳኛ ነበረች። እዚያ ከድንኳን የቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኔም አውቃለሁ። «ታዲያ ጡሩምባ ነፊው ማን ሊሆን ነው?» ብዬ ቀለድኩባት። እሷው ሆነች። ጨዋታ ባለ ቀን ማለዳ ተነሥታ ለእያንዳንዱ ልጅ ትደውላለች። ያላት ደችኛ አንድ የጠዋት ሰላምታና አንድ ማስፈራሪያ ነበር፤ «ሁየሞርኸን። ዛሬ ጨዋታ። ሰው ካልመጣ ሳምቡሳ የለም።» መልስ ሳትሰማ ትዘጋለች። አንዱ ልጅ ትኩሳት ይዞት ቀረሁ ቢላት ሾርባ ይዛ ትራም ተሳፍራ ሄደች፤ ልጁ ደንግጦ ተነሥቶ መጣ። ለእኔ የምትለኝ አንድ አባባል ነበራት፤ «ተሸንፎ የመጣ ይበላል፤ የቀረው ምኑን ይበላል?»

ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ጃይሮን ነበር። ጃይሮ የኩራሳዎ ልጅ ነው፤ ሆግቭሊት ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ፔርኒስ በኩል ነዳጅ የሚጣራበት ቦታ በፈረቃ ይሠራል። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው እሱ ነው። ብዙነሽ «ለዚህ ልጅ ምናለ አንድ በርጩማ ቢሰጡት» እያለች ታዝንለታለች።

የተዋደዱት ግን በጨው ነው። ብዙነሽ ጾም አትሽርም። ረቡዕ ዓርብ ቢሆን፣ ፍልሰታም ቢሆን የሥጋ ሳምቡሳ ለልጆቹ ትጠብሳለች እንጂ ጣቷን እንኳ አትልስም። እኔም ጿሚ ነኝ፣ አልቀምስላትም። ደቾቹን ብትጠይቃቸው የሰጠኻቸውን ሁሉ «ጥሩ ነው» ነው የሚሉት። ስለዚህ ቀማሿ ጃይሮ ሆነ። ከጨዋታ በፊት ያንን ሁሉ የደረትና የጉልበት መከላከያ እንደለበሰ መስኮቷ ጋ መጥቶ አፉን ከፍቶ ይቆማል። ታጎርሰዋለች። አውራ ጣቱን ቀጥ ካደረገ ልክ ነው። መዳፉን ካወዛወዘ ጨው ይጎድላል። ከንፈሩን ከመጠጠ በዝቷል። ቋንቋቸው ይሄ ነበር።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሊጉ ሊያልቅ አንድ ጨዋታ ሲቀረው፣ እንደ ልማዳችን ስንሸነፍ ጃይሮ ኳስ ጣለ። ልናሸንፍ ተቃርበን ነበር፤ ያ ነው ነገሩን ያከፋው። ፒት ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ እዚያው ማጣሪያህ ብትቀር ይሻል ነበር» ብሎ ጮኸበት። ጃይሮ መከላከያውን አንድ በአንድ ፈታ፣ መሬት ላይ በሥርዓት ደረደረ፣ ቦርሳውን አነሣ። ብዙነሽ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀው በሌላው በር ወጣ።

«ሳይቀምስ ሄደ» አለችኝ። ሰው ተዋርዶ ስታይ ድምፅዋ ይቀጥናል።

ከዚያ በኋላ ለልምምድ አልመጣም፣ ስልክም አላነሣም። ጡሩምባዋ አልሠራችም። ቅዳሜ ልጆቹ ለልምምድ መጥተው ሳምቡሳ በሉ፤ አንዱ ማኘክ አቆመ፣ አንዱ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ከዚያ ሁሉም ተከታትለው ውኃ ጠጡ።  እኔ የጨውን ነገር ያወቅሁት ከፊታቸው ነው። እሷም አወቀችው።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስተርዳሞቹ እኛ ሜዳ ይመጣሉ። እኛ ስምንት ነን።

«ጋሽ ወርቁ፣ ሽማግሌ እንላክ» አለችኝ።

«ወደ ማን?»

«ወደ ጃይሮ ነዋ።»

«ልጁ የኩራሳዎ ልጅ ነው። ሽማግሌ ምን እንደሆነ የት ያውቃል?»

«አንቱ ያውቁ የለ? እሱ በሩን ይክፈት እንጂ።»

ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሰይድ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ዛንዳም የካካዎ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ወደ እኛ ሰፈር የመጣ፣ ምርቃቱ የሚጣፍጥ። ሦስተኛው ፒት ራሱ ይሁን አለች።

«በዳዩ ሽማግሌ ይሆናል እንዴ?» አልኳት።

«አገሩ ሌላ ነው፤ ትንሽ እናሻሽለዋለን። ብቻ አደራ፣ ልጁ እሺ ሳይል እንዳትቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።»

እሑድ ማለዳ ሦስታችንም ሱፋችንን ለብሰን ሜትሮ ተሳፍረን ሆግቭሊት ሄድን። ለፒት መንገድ ላይ አስረዳነው። የአንድ ጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ነው፤ ቢሆንም ለመቆም ሞክሮ እንደሚያይ ነገረን። የጃይሮ እናት በሩን ከፈተች። በእሑድ ጠዋት ሱፍ የለበሱ ሰዎች አይታ «ሃይማኖት አለን፣ አመሰግናለሁ» ብላ ልትዘጋው ስትል የፒትን ራስ ከላያችን አየችው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

«እንገባለን፣ አንቀመጥም» አለ ሰይድ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ገብተን ትልቁ ሶፋ ፊት በተርታ ቆምን። ፒት ሶፋውን አየው። ሰይድ እጅጌውን ያዘው። ጃይሮ ከመኝታ ቤት በቁምጣ ወጣ። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ዓይን ነበረው። ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየን።

«ኮች፣ ጉልበትህ ነው፣ ተቀመጥ» አለው።

«አልችልም» አለ ፒት።

«ለምን?»

«ከልክለውኛል።»

ጃይሮ ወደ እኔ ዞረ። «ኦፓ ወርቁ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ተበድለሃል፣ ልንለምንህ መጣን። እሺ እስክትል ድረስ አንቀመጥም። አገራችን እንዲህ ነው» አልኩት።

«እሺ ባልልስ?»

«እንቆማለን።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ጡረታ ላይ ነኝ» አለ ሰይድ።

ከዚያ ፒት ተናገረ። ኳስ ከማንም እጅ እንደሚወድቅ፣ ያን ቃል ግን ከአፉ መጣል እንዳልነበረበት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንደሌለው ነገረው።  እናትየዋ ወገቧን ይዛ ልጇን «እነዚህ ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመው ይሙቱ?» አለችው። እሱ ግን መሬት መሬት ያያል። እንደ እኔ ግትር ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው። ያን ጊዜ ብዙነሽ ያላዘዘችኝን ተናገርኩ።

«ጨው በዝቷል» አልኩት።

«ምን?»

«ማማ ጾም ላይ ናት። ቀማሽ የላትም። ትናንት ልጆቹ ውኃ ሲጠጡ ብታይ።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አለቀሰ ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀ ነው። እጁን ሲያወርድ «እሺ» አለ፣ በአማርኛ። ከብዙነሽ አፍ የለቀማት ቃል ናት። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ዘፍ ስንል ሶፋው ጮኸ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሆነን ተገኘን። ጃይሮ መከላከያውን ለብሶ መስኮቱ ጋ ሄዶ አፉን ከፈተ። ብዙነሽ ምንም ሳትናገር አጎረሰችው። ከንፈሩን መጠጠ። ጠብቃው ነበር፤ ጨው ያልገባበት ሌላ ሥጋ ከጠረጴዛው ሥር አወጣች።

ተሸነፍን። በደንብ ነው የተሸነፍነው፣ ዝናብም አልደረሰልንም። እንዲህ ደስ ብሏቸው የሚሸነፉ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ የአምስተርዳም ልጆች አሸንፈው ግራ ገብቷቸው ያዩን ነበር። ሊቀ መንበሩ ካንቲን ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቶ ንግግር ሊጀምር ሲል ብዙነሽ ሱሪውን ጎትታ አወረደችው። መጀመሪያ ይብሉ ነው ነገሩ። እኔን ደግሞ ጠየቀችኝ።

«ማን አሸነፈ?»

«እነሱ ናቸው።»

«ሁሉም መጥተዋል?»

«ሁሉም መጥተዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረ» አለችና ወደ ዘይቷ ተመለሰች።

ሜዳው እስከ ዛሬ አለ። ቡድኑም አለ፣ ይሸነፋል። ብዙነሽ ግን ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ሠርታ ዘንድሮ ከትንሣኤ በኋላ በልብ ሕመም ሄደችብን። ቀብሯ ላይ ልጆቹ እሷ ያጠበችውን የቡድን ልብስ ለብሰው መጡ። ተሰልፈው የሄለንን እጅ ጨበጡ፤ ለእያንዳንዳቸው አፍ «ያጽናሽ» ከበደው፣ ግን ሁሉም አለ። ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ አንዳንድ ሰው ባቡር አለብኝ ብሎ ሹልክ ሊል ሲነሣ በሩ ላይ ጃይሮ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ አገኘው። «ከለቅሶ ቤት ሳይቀምሱ አይወጣም» ይላል፣ ያችኑ እሷ የምትላትን። ሀበሻው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ።

እኔ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ አልሄድኩም። ጉልበቴን አሞኛል አልኳቸው። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ያን መስኮት ተዘግቶ ማየት አልፈለግሁም። ፒት ደወለ፣ አልመጣም አልኩ። ሄለን ደግሞ «ወርቁ፣ አንተ እኮ ግትር ነህ» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ያለፈው እሑድ ማለዳ በሬ ተደወለ። ስከፍት ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች። ሰይድ፣ ፒት፣ ጃይሮ። ጃይሮ በፎጣ የተሸፈነ ሳሕን ይዟል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኳቸው፤ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የገባኝ።

«እንገባለን፣ አንቀመጥም» አለ ሰይድ።

«እንግዲያው እኔም አልቀመጥም።»

«ጉልበትህን አሞሃል ብለውኛል» አለ ፒት።

አራታችንም ጠረጴዛዬን ከበን ቆምን። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። ፒት አንዱን እግሩን አሳረፈ፣ ሌላውን አሳረፈ። እኔም የምሸነፍ ሰው አይደለሁም። «እስከ መቼ ልትቆሙ ነው?» አልኩ።

«እኔ እንደምታውቀው ጡረታ ላይ ነኝ» አለ ሰይድ።

ጃይሮ ፎጣውን ገለጠው። ሳምቡሳ ነው፤ ጠርዙ የተዛነፈ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። የካንቲኑን መስኮት «እኔ ከፍቼዋለሁ» አለኝ፣ ከፈረቃ መልስ ካንቲኑን እሱ ይዞታል። አንዱን አንሥቶ ወደ አፌ አስጠጋ። እምቢ ልል ከንፈሬን ስከፍት አጎረሰኝ። አኘክሁት። ሦስቱም ፊቴን ያያሉ።

ከንፈሬን መጠጥኩ።

«አውቄያለሁ» አለ ጃይሮ። «ቀማሽ የለኝም።»

ውኃ ቀዳሁ፣ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። መስመሩን ማን እያሰመረው እንደሆነ ጠየቅሁ። ፒት «እኔ ነኝ» አለ፤ ጠማማ እንደሚሆንበትም አልደበቀም።

«እሺ» ብዬ ሳልጨርስ ፒት ተቀመጠ።